የእጀ ሰማይ ኑዛዜ

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲንደረደር እጀ ሰማይ በአንድ እጇ የጋሪውን ጠርዝ፣ በሌላው የሴት ልጇን ቀሚስ ጨብጣ ነበር። መውደቅ ከመጣ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትወድቅ ነው።

«ቀስ በል እንጂ ፍሙ፤ በቅሎዋ ጉድጓዱን አላየችውም።»

«በቅሎዋ ከእኔ የተሻለ ታያለች፣ እማዬ።»

«እሱን መች አጣሁት። የያዝካት አንተ ስለሆንክ ነው የምፈራው።»

ፍሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ልጓሙን ሳብ አደረገ። ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ፀሐይም ከኮረብታው ትከሻ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላለች። እጀ ሰማይ በየአፍታው ቀና እያለች ታያታለች። ትናንት አዋጅ ነጋሪው በሠፈሩ እየዞረ፣ ዳኛው ከጦሩ ጋር ሊዘምት ነውና ውል ያለው፣ ክርክር ያለው፣ ኑዛዜ የሚያስመዘግብ ሁሉ ነገ እስከ እኩለ ቀን ይድረስ፤ ከዚያ ወዲያ ጦሩ እስኪመለስ ችሎት የለም ብሎ ነበር። ጦሩ መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም። እሱም አያውቅም።

የእጀ ሰማይ ልብ ደግሞ ጦሩ እስኪመለስ የሚጠብቅ ልብ አልነበረም። ባለፈው ወር ሐኪሙ ጆሮውን ጀርባዋ ላይ ለጥፎ ብዙ ካዳመጠ በኋላ ልጆቹን «እስኪ ወጣ በሉ» አላቸው። ያኔውኑ ገባት። የሚሻላት ቢሆን ልጆቹን ምን ያስወጣቸው ነበር?

አዲሱ አዋጅ ደግሞ አለ። ኑዛዜው ሳይታተም የሞተ ባለ ሙያ ቤቱ በሹም ይዘጋል፤ ችሎት ሲከፈት ወራሾቹ ተከራክረው ይካፈላሉ። የሌላ ሰው ቤት ቢዘጋ አቧራ ይይዘዋል፣ ያ ነው። የእሷ ቤት ከተዘጋ ግን በአምስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ቀለም ነካሪ ናት። እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩ ሦስት ጋኖች አሏት። በውስጣቸው ያለው ቀለም እንደ እርሾ ሕያው ነው፤ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ያኮርፋል። የደረቀ የቅጠል ጥፍጥፍ ተፈጭቶ በአመድ ውሃ ይበጠበጥና፣ ፉርሽካ እየተመገበ፣ ዙሪያውን ፍም እየተደረገለት ይኖራል። ደህና የሆነ ጊዜ ላዩ ላይ የመዳብ መልክ ያለው አረፋ ይታያል፤ የነከሩበት ጨርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና ነፋስ ሲያገኘው ዓይን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ጦሩ የለበሰው ካባ ሁሉ ከእነዚያ ጋኖች የወጣ ነው። እሷም አርባ ዓመት ሙሉ እጇን ስትከት ስታወጣ ቀለሙ እስከ ክርኗ ወጥቶ ቀርቷል፤ እጀ ሰማይ ያሏትም ለዚህ ነው።

ሦስቱም ልጆቿ ጋሪው ላይ ነበሩ፤ ሦስቱም ፊታቸውን በየአቅጣጫው አዙረዋል።

«እማዬ፣ ጋሼን እግሩን ከወረቀቱ ሣጥን ላይ እንዲያነሣ ንገሪልኝ» አለች ሴቷ። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ተቀምጧል።

«ሰምቶሻል።»

«አልሰማሁም» አለ ታላቁ፣ ለእናቱ። እግሩን ግን አነሣ።

ታላቁ አመዶ ይባላል፤ የአመድ ውሃውን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። መካከለኛው ፍሙ ነው፤ እሳቱን ይጠብቃል። ታናሻቸው ደግሞ ምላሴ፤ ጋኑ መራቡንና መጥገቡን በምላሷ ቀምሳ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ስሞቹን ያወጣችላቸው እናታቸው ናት። ሠፈሩ እንደ ቀልድ ይጠራቸዋል፤ ለእሷ ግን ቀልድ አልነበረም።

ባሏ የሞተ ጊዜ አመዶ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ምላሴ ገና ጡት ያልጣለች ነበረች። በዚያው ዓመት ጎረቤታቸው የነበሩት የሟቹ ሸማኔ ሚስት ሞቱ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው የአባታቸውን ሙያ አንድ ሳያስቀሩ ተምረው በሦስት አቅጣጫ ሄደው ስለነበር፣ አሮጊቷ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ነው ሰው ያገኛቸው። ያገኘቻቸው እጀ ሰማይ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙያዋን ሦስት ቦታ ቆረሰችው። አመዶን የአመዱን ልክ ስታስተምር በሁለቱ ላይ በር ትዘጋለች፤ ፍሙን ስለ እሳቱ ስታስተምር አመዶን ታስወጣለች፤ ምላሴም ስታድግ እንዲሁ። ማንም ብቻውን አንዲት ጋን ማቆም አይችልም፤ ስለዚህ ማንም ጥሏት አይሄድም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ብልኃቷ ራሷን ስታመሰግን ኖራለች።

ከአራት ወር በፊት፣ እሷ መጀመሪያ ታማ የተኛች ሰሞን፣ ሦስተኛው ጋን ሞተ። አንድ ጠዋት ክዳኑን ሲያነሡት ላዩ ግራጫ ሆኖ፣ ውስጡ እንደ ረጋ ኩሬ ይሸት ነበር። አመዶ በፍሙ ላይ ጮኸ፤ ፍሙ በምላሴ ላይ፤ ምላሴ በሁለቱም ላይ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቀለም ቤቱ በተራ እንጂ አብረው አይገቡም፤ የሚነጋገሩትም በእናታቸው በኩል ብቻ ነው። የተረፉት ሁለቱ ጋኖችም እየከሱ ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያስጻፈችው ለዚህ ነው። ቤቱም ጋኖቹም የሦስቱ ናቸው፣ አይከፈሉም፤ ከሦስቱ አንዱ ትቶ የሄደ እንደሆነ ድርሻው ለቀሩት ይሁን ይላል። ልጆቹ አላነበቡትም። ማኅተም ካረፈበት ቢኳረፉም አይበተኑም፤ ከዚህ በላይ ከዚህች ዓለም የምትፈልገው አልነበራትም።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጦሩ ሞልቶታል። የስንቅ በቅሎዎች፣ ጦር የተሸከሙ ወጣቶች፣ አልጋ ሳይቀር ያስጫኑ መኳንንት፤ ሰልፉ መጨረሻ ያለው አይመስልም።

«ወደ ኋላ። ጋሪ አያልፍም» አለ አንድ ሻለቃ ከፈረሱ ሳይወርድ።

እጀ ሰማይ ከጋሪው ወረደች። ሦስቱም ሊይዟት ተንጠራሩ፤ የአንዳቸውንም እጅ አልተቀበለችም። ጭቃውን እየረገጠች ሄዳ ከፈረሱ አንገት ሥር ቆመች።

«ጌታው፣ ካባዎ ግራ ትከሻው ላይ ሳሳ ያለ ነው፤ አይደል?»

ሻለቃው ሳያስበው ወደ ትከሻው ዞረ።

«የነከርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝናብ መጣብንና ሳይጠግብ አወጣነው። ሲመለሱ ብቅ ይበሉ፣ አስተካክልልዎታለሁ። አሁን ግን ዳኛው ሳይነሣ ልድረስ።»

ሻለቃው እጆቿን አያቸው። «ከተመለስኩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይመለሳሉ። አንገትዎን ብቻ ይሸፍኑ፤ የወንዝ ብርድ መጥፎ ነው።»

ሻለቃው ካባውን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገ። ከዚያ እጁን አነሣ፤ ሰልፉም ተከፈለ።

ችሎቱ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ክፍል ነው። የመዝገብ ሣጥኖቹ በጠፍር ታስረው በር ላይ ተደርድረዋል፤ ሳይታሰሩ የቀሩት አንድ ጠረጴዛ፣ የቀለም ብልቃጥና ሰም የሚቀልጥባት ትንሽ ምድጃ ብቻ ናቸው። ዳኛው ካባው ላይ ሰይፍ ታጥቋል። ሰይፉን አልለመደውም፤ በተቀመጠ ቁጥር ከወንበሩ እግር ጋር ይጣላበታል።

«ኑዛዜ ነው፣ እሜቴ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ረጅም ነው?»

«አጭር ነው። ለረጅሙ ሁለታችንም ጊዜ የለንም።»

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ለጸሐፊው ራሱን ነቀነቀለት። ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ትቶ የሄደ እንደሆነ» ከሚለው ሲደርስ ምላሴ ቀና አለች። እጀ ሰማይ አየቻት፤ ያላየች መስላ ሰሙን ማየት ቀጠለች።

«መልካም» አለ ዳኛው። «እንግዲህ መሐላው። ወራሾች አንድ በአንድ ወደዚህ።»

ይህን አላወቀችም። ሰዎች ኑዛዜ ሳይከፈት ጎተራ እያራገፉ ስላስቸገሩ አዲሱ አዋጅ መሐላ ጨምሯል፦ ወራሹ ከንብረቱ የወሰደው፣ የጨመረበት፣ በድብቅ የነካው እንደሌለ ይምላል፤ ተናዛዡም የደበቀው እንደሌለ። ሁሉም ካልማለ አይታተምም።

አመዶ ቀርቦ እጁን አነሣ። ጸሐፊው እየቀደመ ይልለታል፤ እሱ ይከተላል።

«ከዚህ ንብረት የወሰድኩት የለም። የጨመርኩበት...» ብሎ ቆመ።

«የለም በል» አለ ጸሐፊው።

አመዶ ጉሮሮውን ጠረገ። ወፍራም ሰው ነው፤ አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እሱን አልልም። ሦስተኛውን ጋን የገደልኩት እኔ ነኝ ጌታዬ። እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ጎህ ሲቀድ ገብቼ ቀመስኩት። የራበው መሰለኝና ሁለት ሳህን ፉርሽካ ሰጠሁት።»

«ሥራህ እሱ አይደለም?»

«የእኔ አመዱ ነው። ቅምሻው የእህቴ ነው። ይቺ ልጅ አግብታ ብትሄድ ስድስት ልጅ ይዤ ምን ልሆን ነው ብዬ... መማሬ ነበር።»

ከኋላው ፍሙ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ሁለት ሳህን? እኔ እኮ ያንኑ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ባልዲ የአመድ ውሃ ጨምሬበታለሁ።»

አመዶ ዞረ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን በቀጥታ አናገረው። «አንተ አመዱን የት ታውቀዋለህ?»

«ስትለካ በቀዳዳ አይህ ነበር።»

«በየቱ ቀዳዳ?»

«እሱን አልነግርህም።»

«አንተስ ምን አስቸኮለህ?» አለው ዳኛው።

«እልክ ነው ጌታዬ። ሠላሳ ዓመት በር ሲዘጋብኝ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ክፍት አገኘሁት፣ ገባሁ።»

ምላሴ ሳትጠራ መጥታ ከመካከላቸው ቆመች። «እኔም አሥር ሰዓት ላይ ፍም ጨመርኩበት» አለች። «የታችኛው ከተማ ኮርቻ ሰፊ ለሁለተኛ ጊዜ ለጋብቻ ጠይቆኝ ነበር። እማዬ ምላስ ከሌለ ጋን የለም ብላ መለሰችው። እሳቱን ካወቅሁ፣ አመዱን ደግሞ ጋሼን ለምኜ፣ እዚያ የራሴን አቆማለሁ ብዬ ነው።»

«እኔን?» አለ አመዶ።

«አንተን። ብለምንህ ትነግረኝ ነበር?»

አመዶ አሰበ። ቀና ሰው ስለሆነ ከልቡ አሰበ። «አልነግርሽም ነበር» አለ።

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ እኔን ገዳይ ስትሉኝ...» ብሎ ፍሙ ጀመረ። «አንተስ እኔን ምን አልከኝ?» አለች ምላሴ። ሦስቱም እኩል ማውራት ጀመሩ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ፤ ሰይፉ ወንበሩን መታ።

«እኔ ወደ ጦርነት የምሄደው ከዚህ ወጥቼ ይመስለኝ ነበር» አለ።

እጀ ሰማይ አልሰማቸውም። ቀን እየቆጠረች ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ረፋድ፣ አሥር ሰዓት፤ ሦስቱም በአንድ ቀን። ታማ ከተኛች በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፤ ሁለቱም ጊዜ እዚያው ላይ አረፈባት። ሰባተኛው ቀን ነበር።

ለልጆቿ ሦስት ነገር አስተምራ አራተኛውን ለራሷ አስቀርታለች። እሷንም እንዲፈልጓት ብላ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። በየሰባተኛው ቀን አመዶን አመድ ፍለጋ ወደ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ትልከዋለች፤ ፍሙን ከሰል እንዲያመጣ፤ ምላሴን ጨርቅ ልታጥብ ወደ ወንዝ። ከዚያ ትገባና በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። ልጆቹ የተደበቀ ዱቄት የምትጨምር ይመስላቸዋል። እጀ ሰማይ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምንም አታደርግም። ጋን በሳምንት አንድ ቀን መተው አለበት፤ አይነከርበትም፣ አይመገብም፣ አይማሰልም፣ ክዳኑ አይነሣም። በዚያ ቀን የተነካ ጋን ይታመማል፤ ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ከነካው ይሞታል። ታማ የተኛች ጊዜ ግን ያ ቀን ሲደርስ ወደ ሥራ የላካቸው አልነበረም። እያንዳንዳቸው ቤቱን ጭር ብሎ አገኙትና ገቡ።

«እሜቴ» አለ ዳኛው። «ልጆችዎ ያመኑት ይበቃል፤ የሞተ ጋን አይካፈሉትም። የቀረው የእርስዎ መሐላ ነው። የደበቅኩት የለም ይበሉና ይታተም። ሰሙ ደርሷል።»

ሰሙ በእርግጥም ደርሷል። ከውጭ ፈረሶች ያንኮራፋሉ። አንድ ቃል ብትል ሦስቱም በአንድ ቤት ታስረው ይቀሩላታል። ባትልስ? አመዶ ተሳስቶ ጋኑን በፉርሽካ ቢያንቀው? ፍሙ ለብቻው ሲኖር ማን ምሳ ብላ ይለዋል? ምላሴ በማታውቀው ከተማ ብትታመም? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው፤ ዘወትር የምታስበው ነውና አዲስ አልነበረም። ከዚያ ሦስቱን አየቻቸው። አመዶ ጠጉሩ ሸብቷል። ከአንዲት ጋን ፊት ሲቆም አሁንም በር እስኪከፈትለት የሚጠብቅ ልጅ ነው።

«የደበቅኩት አለ፣ ጌታዬ» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ምንድን ነው?»

«በችሎት አይነገርም። እዚህ ከተነገረ ነገ በከተማው ያለ ነካሪ ሁሉ ይዞት ያድራል።»

«ለችሎቱ መኖሩ ብቻ ይበቃል» አለ ዳኛው። «ያልተጠቀሰ አንድ ነገር አለ፤ ለሦስቱ እኩል ይከፈላል ብለህ ጻፍ።»

«አይከፈልም» አለች እጀ ሰማይ። «ሙሉው ለአመዶ፣ ሙሉው ለፍሙ፣ ሙሉው ለምላሴ ብለህ ጻፍ። ሙያው በሞላ እንደዚያው። ስቆርሰው ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያንን ትቶ የሄደ የሚለውንም ሰርዝልኝ።»

«መስመሩን ሁሉ?»

«ከሥሩ።»

የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱን ሲፍቅ ተሰማ። ዳኛው ወደ መስኮቱ አየት አደረገ። «እንግዲህ ንብረቱ እንዴት ይሁን? ቶሎ ቶሎ ይበሉ እሜቴ።»

እጀ ሰማይ ወገቧን ቀጥ አደረገች። መንገድ ላይ አላሰበችበትም፤ ቢሆንም የሦስቱን ጫማ ልክ እንደምታውቅ ይህንንም ታውቀው ነበር።

«ቤቱ ለአመዶ ይሁን፤ ስድስት ልጅ አዝሎ የት ይሄዳል? ከቤቱ ጋር አንደኛው ጋን። የወንዝ ዳሩ የጨርቅ ማስጫ ሜዳና ሁለተኛው ጋን ለፍሙ። እስክሞት እዚያው ይቆይለት፤ ከሞትኩ በኋላ ቀለሙን በእንስራ ቀድቶ ጋኑን ይንቀል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አይሁኑ። ይሄ በቀዳዳ የሚያይ ነው።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ሦስተኛው ጋን ለምላሴ።»

«የሞተው?» አለች ምላሴ።

«ባዶው። የተሞላ ጋን ተነቅሎ አይሄድም፤ ባዶው በጋሪ ይጫናል። ሕያዎቹ ጋኖች ሲሻላቸው ከሁለቱም አንድ አንድ እንስራ ይቀዳላታል፤ በእሱ አዲሱን ታስነሣበታለች። ወንድሞቿ አንሰጥም ማለት አይችሉም፤ ይሄ በደንብ ይጻፍ። የእሷን ድርሻ ደግሞ ሞቴን አትጠብቅም፤ በፈለገችው ቀን ትውሰድ። የዘንድሮው የቅጠል ጥፍጥፍም የእሷ ነው።»

«ጥፍጥፉ ሁሉ?» አለ ፍሙ።

«ሁሉም። አንተ ሜዳ አለህ፤ ቅጠልህን ዝራ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ገና እሄዳለሁ አላልኩም» አለች ምላሴ።

«አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩት። ብትቀሪም ወደሽ ነው የምትቀሪው።»

ሦስቱ እንደገና ማሉ፤ ያጠፉትን ተናግረዋልና ዳኛው ተቀበላቸው። እሷም ማለች። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ተጫነች። ዳኛው ሰሙን አፍስሶ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ሰይፉን ከወንበሩ እግር አላቀቀ፣ ከበሩም ላይ ዞር አለ።

«እናቴ ያለ ኑዛዜ ነው የሞቱት» አለ። «ከወንድሜ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም።» ከዚያ ወጣ። የጦሩ ከበሮ ሲመታ ጋሪው ገና ከግቢው አልወጣም ነበር።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ አልተዘቀዘቀችም። ምላሴ አልጋ ልታነጥፍ ሮጠች፤ እጀ ሰማይ ግን በቀጥታ ወደ ቀለም ቤቱ አመራች።

«ጥቂት ጋደም በይ እንጂ እማዬ።»

«እጋደማለሁ። ለመጋደም ገና ብዙ ጊዜ ይሰጠኛል። ሦስታችሁም ግቡ።»

ሠላሳ ዓመት ሲዘጋ የኖረው በር ከአራቱም ኋላ ተዘጋ። ጭልፋውን ለአመዶ፣ የአመዱን ባልዲ ለምላሴ፣ ፉርሽካውን ለፍሙ ሰጠች። አመዶ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «መራራ ነው» አለ። «እሱማ አመዱ ነው፤ ከምላስህ ሥር ፈልገው፤ ጣፈጥ የሚል አለ?» አለችው እህቱ። ፈለገ፤ በሦስተኛው አገኘው፣ ዓይኑም እንደ ልጅ ፈጠጠ። ምላሴ የአመዱን ውሃ በሁለት ጣቷ አሸች፤ እንደ ሳሙና ሲያሟልጭ ልኩ እሱ ነው። ፍሙ ለእህቱ እጇን የጋኑ አንገት ላይ አስደርጎ እሳቱ መብዛቱን በመዳፏ እንድትለይ አሳያት። «አየሽ፣ ፍም ሳይሆን አመድ አልብሰሽ ነው የምታሞቂው። ያን ቀን ራቁቱን ነው የጨመርሽበት።» «አንተስ አንድ ባልዲ ማፍሰስህ?» «አልለካሁትም፤ ቀዳዳዋ ጠባብ ነበረች።» እጀ ሰማይ ሦስት ጊዜ ልትነጥቃቸው እጇን ዘረጋች፤ ሦስት ጊዜ ሰበሰበችው።

ሲጨርሱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አራተኛውን ነገረቻቸው። አጭር ነበር።

ሦስቱም የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ።

«ሌላስ?» አለ ፍሙ።

«ሌላ የለም። በሰባተኛው ቀን ትተዉታላችሁ። ያ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ ከሰል የተሸከምኩት አንቺ እዚህ እንድትቀመጪ ነው?»

«ከሰሉም ያስፈልግ ነበር።»

ፍሙ ሳቀ፤ ምላሴም ተከተለችው። አመዶ አልሳቀም። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ፤ እናቱም አልጠራችውም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እኔ እኮ» አለ፣ «አመዱን ለስድስቱ ልጆቼ እንዴት እንደምቆርሰው ሳስብ ነው የኖርኩት። እንዳይሄዱብኝ።»

እጀ ሰማይ ከበርጩማዋ ተነሣች። ክንዱን ያዘች፤ ሰማያዊው እጇ ክንዱ ላይ ቆየ።

ማግሥቱ ሰባተኛው ቀን ነበር። የትም የተላከ የለም። ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላው ድረስ አራቱም ከቀለም ቤቱ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት ያጡ ሰዎች ይመስሉ ነበር። እጀ ሰማይ ክዳኖቹ መገጠማቸውን ልታይ አንድ ጊዜ ተነሣች። ሦስቱም አዩዋት። ተመልሳ ተቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ ምላሴ ጠጋ አለች።

«ያ ኮርቻ ሰፊ» አለች፣ «ቤቱ ብርድ ያስገባል?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ጋን ብርድ አይችልም። በሩ ወደ ወንዙ ከሆነ አሁኑኑ ያዙረው።»